በነአኩቶ ለአብ ጠብታ ስር፦ የምጥ ሕመምና የሰው እጅ

ከላሊበላ አየር ማረፊያ ወደ ከተማው ስትወጡ መኪናው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በላስታ ተራሮች መካከል ይጠማዘዛል። አብዛኛው እንግዳ ልቡ ከፊት ነው፤ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ይቸኩላል። እናንተ ግን ለከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ ሾፌሩን "እዚህ ጋ ያዝልን" በሉት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከገደል ስር፣ ነአኩቶ ለአብ ይጠብቃችኋል።

ስለ ላሊበላ ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ አንድ ዋሻና በምጥ ሰዓት የሴትን ወገብ ስለሚይዝ እጅ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም የነፍሰ ጡር ባል፣ እናት ወይም እህት ከሆናችሁ በተለይ ለእናንተ ነው።

ዓለቱ የሚያነባበት ዋሻ

እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዓለት ወደ ታች የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ጠብቃችሁ ከመጣችሁ እዚህ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ነአኩቶ ለአብ ተፈጥሮ ባበጀው ሰፊ ዋሻ ውስጥ በድንጋይ የታነጸ ነው። ከላይ ያለው የዋሻው ዓለት ነው፤ ከዓለቱ ላይ ውሃ ጠብ ይላል። ከስሩ የተቦረቦሩ ድንጋዮች አሉ፤ ጠብታው እነሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ምእመናን ጠበል ነው ብለው ይወስዱታል። ካህናቱ በጋም ሆነ ክረምት አይቋረጥም ይላሉ። ሰው ጸጥ ሲል ዋሻው ውስጥ የሚሰማው የጠብታው ድምፅ ነው።

ነአኩቶ ለአብ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነው። ስሙ በግእዝ "አብን እናመስግነው" እንደማለት ነው። ከመጨረሻዎቹ የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሆኖ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነግሧል። ንጉሡ በዚህ ዋሻ የክርስቶስን ሕማም እያሰበ አብዝቶ ያለቅስ እንደነበር፣ ስለ እንባውም ዓለቱ ሳያቋርጥ እንዲያነባ ቃል ኪዳን እንደተሰጠው በትውፊት ይነገራል። ካህኑን በትሕትና ከጠየቃችሁ የጥንት መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን አውጥተው ያሳዩዋችኋል።

ትውፊቱን እንደየእምነታችሁ ተቀበሉት። እኔን የያዘኝ ግን ውስጡ ያለው ሐሳብ ነው። በሕማም ላይ ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ድንጋዩ እንኳ አብሮት ያለቅሳል።

የወሊድ አገር

በላስታ ትልቁ ታሪክ የሚጀምረው ከአራስ ቤት ነው። ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ብላ ስም አወጣችለት ይባላል። የልደቱ ቀን ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ገና በላሊበላ ድርብ በዓል ነው። በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ ከግንቡ ጫፍ፣ ከፊሎቹ ከታች ሆነው "ቤዛ ኵሉ"ን ሲዘምሩ ያየ ሰው አይረሳውም። በዚያው በቤተ ማርያም ግቢ ከዓለት የተፈለፈለ የውሃ ገንዳ አለ። ልጅ የተመኙ ሴቶች በበዓሉ ሰሞን በዚህ ገንዳ ይጠመቃሉ።

እዚህ ስትቀመጡ ምጥና ጸሎት እንዴት እንደተሳሰሩ ከአነጋገራችን ብቻ ትረዳላችሁ። ነፍሰ ጡርን "በሽልም ያውጣሽ" እንላለን። የወለደችውን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እንላለን። ቅዱስ ሩፋኤልን "ፈታሔ ማኅፀን" ብለን እንጠራለን፤ ጳጉሜን 3 ቀን ዝናብ ስር የሚወጡ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ቃላቱ ሁሉ አንድ ነገር ይናገራሉ፦ ምጥ ሴቲቱ ብቻዋን የምትወጣው ዳገት ተደርጎ ታስቦ አያውቅም።

እማማ የያዙኝ ቦታ

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥላ ፈልጋችሁ አረፍ ካላችሁ ጨዋታ ራሱ ይመጣል። እኔ የሄድኩት የሁለተኛ ልጄን አምስተኛ ወር ይዤ ነበር። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላዬ አላታለላቸውም።

"ስንት ወርሽ ነው ልጄ?"

"አምስት ነው እማማ።"

"ማርያም በሽልም ታውጣሽ።"

"አሜን" ብዬ ጨዋታው ቀጠለ። እማማ ለብዙ ዓመታት የመንደራቸው የልምድ አዋላጅ ነበሩ። አሁን አያዋልዱም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ካስተማሯቸው ወዲህ ምጥ የያዛትን ሴት አጅበው ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው ሥራቸው። ድሮ በምጥ ሰዓት ምን ያደርጉ እንደነበር ስጠይቃቸው ከመናገር ይልቅ ወደ ጀርባዬ ዞሩ። ከወገብ ዝቅ፣ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፋቸው ተጫኑት። ቀስ ብለው፣ ግን በሙሉ ክብደታቸው። ምጡ ሲመጣ እንዲህ ይያዛል፣ ሲሄድ ይለቀቃል አሉኝ።

ከዚያ የቤቱን ሥርዓት ነገሩኝ። አንዷ ከኋላ ወገቧን ትይዛለች። አንዷ ከፊት ትደግፋታለች። ሌሎቹ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። ቡና ይፈላል፣ ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎ ይገነፋል። ሆድ በቅቤ ማሸትም ነበረ፤ እሱን ግን ጉዳት እንዳለው ተነግሮን ትተነዋል አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልበላችሁ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነው። ሐኪም ነበረ፣ መሣሪያ ነበረ፣ አልጋው ንጹሕ ነበር። እናቴ ግን ኮሪደር ላይ ነበረች። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን እሷ በዚያ በኩል ትጸልያለች፣ እኔ በዚህ በኩል የአልጋውን ብረት ጨብጫለሁ። ልጄ በሰላም ተወለደ፤ ያዋለዱኝን ባለሙያዎች አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሳስታውስ ግን ከሕመሙ ቀድሞ የሚመጣብኝ የምይዘው እጅ ማጣቴ ነው። የእማማ መዳፍ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ያጣሁት ምን እንደነበር ገባኝ።

በጣት ስለሚጫኑ ነጥቦች

እማማ የሚጫኑት ቦታ ሩቅ አገር ስም አለው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና በዚያው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ በምጥ ጊዜ የሚጫኑ ነጥቦች አሉ። ዘዴው አኩፕሬዠር ይባላል። አኩፓንክቸር ነጥቦቹን በመርፌ ይወጋል፤ አኩፕሬዠር ደግሞ በጣት፣ በመዳፍ ወይም በክርን ይጫናል። በምጥ ላይ በብዛት የተጠኑት ሁለት ሌሎች ነጥቦች ናቸው። አንደኛው ሄጉ ይባላል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳንዪንጂያኦ ነው፤ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከቅልጥም አጥንቱ ጀርባ ይገኛል።

ለምን ይሠራል? የቻይና ሊቃውንት ስለ ኃይል መተላለፊያ መስመሮች ይናገራሉ። ዘመናዊው ሳይንስ ሌላ ማብራሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ሕመም ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በአከርካሪ ውስጥ በር የሚመስል ማለፊያ እንዳለ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። መዳሰስና መጫን የሚልኩት መልእክት ያን በር ያጠብበዋል። ክርናችን ሲጋጭ ወዲያው በእጃችን የምናሸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ማስረጃውስ? የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ በምጥ ላይ አኩፓንክቸርና አኩፕሬዠርን የፈተሹ 28 ጥናቶችን መረመረ፤ በጠቅላላው 3,960 ሴቶች ተሳትፈውባቸዋል። አኩፕሬዠር የምጥን ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል አመለከተ። "ሊቀንስ ይችላል" ነው የተባለው፤ የማስረጃው ጥንካሬ ገና ውስን ነው። ሕመምን ያጠፋል ያለ የለም። "አኩፕሬዠር ካደረጋችሁ ያለ ሕመም ትወልዳላችሁ" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ከእጁ ዘዴ በላይ ማስረጃው የጠነከረው ስለ እጁ ባለቤት ነው። እዚያው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 በ17 አገሮች የተሠሩ፣ 15,858 ሴቶች የተካተቱባቸው 26 ጥናቶችን ገምግሟል። በምጥ ሰዓት አንድ ሰው ሳይለያት የቆየላት ሴት በተፈጥሮ መንገድ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፣ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ ይቀንሳል፣ ምጧ ያጥራል፣ ስለ ወሊዷም መጥፎ ትዝታ የመያዝ ዕድሏ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። ሕመም ማስታገሻ ለምትፈልግ ጤናማ ወላድም ማሸትና ሙቅ ነገር መያዝን ከአማራጮቹ መካከል አስቀምጧል።

ገጠሩ መንገድ አጣ፣ ከተማው እጅ አጣ

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ "እንግዲያው ቤት መውለድ ይሻላል" እንዳትሉ። ከነአኩቶ ለአብ ደጅ ሆናችሁ ሸለቆውን ተመልከቱ። ጎጆዎቹ እዚህም እዚያም ተራራው ላይ ተበትነዋል። ከዚያ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አስቡ። እናቶችን የሚገድሉት ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊት፣ ኢንፌክሽንና የተራዘመ ምጥ ናቸው። ወገብን መያዝ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም። መድኃኒት፣ ደምና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል።

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በዚያው በ2016 በአገር ደረጃ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 ከመቶ ሲሆኑ በ2019 ወደ 48 ከመቶ ደርሰዋል። በአዲስ አበባ ግን ቤት መውለድ ያኔም ብርቅ ነበር። እዚህ ለውጥ ላይ የደረስነው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር፣ በወረዳ አምቡላንሶች፣ ወራቸው የገባ እናቶች ቀድመው መጥተው በሚያርፉባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ በርካታ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ሲወድሙ የወላዶቹም መንገድ አብሮ ተዘግቷል። ለላስታ እናት ጤና ጣቢያው ክፍት መሆኑ ራሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መንገዱ ክፍት ሲሆንም የማይሄዱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነው፤ ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ጸሎት አለ፣ የሚይዝ እጅ አለ። ጤና ተቋም ውስጥ ብቻዬን እቀራለሁ የሚል ፍርሃት ከርቀቱ ጋር ይደመራል። ይህ የገባቸው የገጠር ጤና ጣቢያዎች ለወላዶች ገንፎ ያስገነፋሉ፣ ቡና ያስፈላሉ፣ ቤተሰብ ያስገባሉ። ጤና ሚኒስቴርም ርኅራኄና አክብሮት የተሞላበት አገልግሎትን ከዋና ግቦቹ አንዱ አድርጎታል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ የሆስፒታል ማስታወቂያዎችን በሙያ ዓይን አያለሁ። አልትራሳውንዱን ያሳዩናል፣ የአልጋ ክፍሉን ያሳዩናል፣ የፈገገች እናት ያሳዩናል። "በምጥ ሰዓት እናትሽ አብራሽ ትገባለች" የሚል ቢልቦርድ ግን አይቼ አላውቅም። የላስታ እናት እጁ አላት፣ መንገዱ ይርቃታል። እኛ ከተሜዎቹ መንገዱ አለን፣ እጁን በር ላይ ትተነው እንገባለን። ሁለቱ ባንድ ላይ ይገባናል፤ ለእሷም ለእኛም።

እጁን ይዛችሁ ግቡ

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" እንዳይሆንብኝ የምላችሁ ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ጠይቁ። የክትትል ቀጠሮ ስትሄዱ "በምጥ ክፍል አንድ ሰው አብሮኝ መግባት ይችላል?" በሉ። መልሱን ከምጡ ቀን በፊት እወቁት። የማይቻል ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፤ አማራጭ ካላችሁም የሚያስገባውን ምረጡ።

ቀጥሎ ሰዉን ምረጡ። ባል፣ እናት፣ እህት፣ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ዋናው የማይደናገጥ፣ የማያጣድፍ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ የሚተው ሰው መሆኑ ነው።

ከዚያ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ነፍሰ ጡሯ ወንበር ላይ ወደ ፊት ደገፍ ትበል። አብሯት የሚሆነው ሰው መዳፉን ከወገብ ዝቅ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ ያሳርፍና ቀስ ብሎ፣ እጁን ቀጥ አድርጎ በሰውነቱ ክብደት ይደገፍ። "ጠበቅ"፣ "ላላ"፣ "ወደ ግራ" የምትለው እሷ ናት። በምጡ ቀን ምጡ ሲጀምር ይጫናል፣ ሲያልፍ ያርፋል። አትንኩኝ ካለችም አትነካም፤ ያኔ አጠገቧ መቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ጥንቃቄውም ይኸውና። የእጅና የቁርጭምጭሚት ነጥቦቹን በእርግዝና ወቅት አትጫኑ፤ ምጥ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ ተብሎ ስለሚታመን ወሩ ሳይገባ እንዲነኩ አይመከርም። በምጥ ላይ ለመጠቀምም መጀመሪያ ሐኪማችሁን ወይም አዋላጅ ነርሷን አማክሩ። በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ሆድን ማሸት ወይም መግፋት አይደረግ። ደም ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም የሽርት ውሃ ያለ ምጥ ከፈሰሰ ስለ ማሸት የሚታሰብበት ሰዓት አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ለመንገዳችሁ

ከቦሌ ወደ ላሊበላ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን የጸጥታና የመንገድ ሁኔታ አረጋግጡ። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ የወር ገደብና የሐኪም ወረቀት እንደሚያስፈልግ አየር መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ለአዲስ አበባ ሰው አየሩ እንግዳ አይሆንም። ፀሐዩ ግን ይበረታል፤ ባርኔጣና ውሃ ያዙ።

ወደ ነአኩቶ ለአብ በመኪና ወይም በባጃጅ መሄድ ትችላላችሁ፤ ለእግር ጉዞ የለመዱ ከከተማው በእግር ይሄዳሉ። የመግቢያ ክፍያው ከከተማው አብያተ ክርስቲያናት ትኬት የተለየ ነው። ወደ ዋሻው ስትወርዱ ድንጋዩ ያዳልጣልና ሕፃናትን በእጅ ያዙ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስትገቡ ጫማችሁን ታወልቃላችሁ። ሴቶች ነጠላ ያዙ። ጠዋት ከሄዳችሁ ቅዳሴው ሲያልቅ ከካህናቱ ጋር ለመጫወት ጊዜ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ወደ ከተማው ስትገቡ ቤተ ማርያምን ቀድማችሁ እዩ፤ ገንዳውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በየመንገዱ ከምታገኟቸው እናቶች ጋርም ቁጭ በሉ። ከእነሱ የምትማሩት በየትኛውም የጉዞ መጽሐፍ የለም፤ በተለይ እጃቸውን ወገባችሁ ላይ ካሳረፉ።